«ይበቃኛል» የምትባል ቃል

የዚህ ወር ጨዋታዬ ከራሴ ጓዳ የወጣ ነው። ምክር ልስጣችሁ ብዬ አይደለም። እኔም ገና ያልጨረስኩት ትምህርት ስለሆነ አብረን እንድናስብበት ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቢዝነስ ተምሬ ከተመረቅኩ ጀምሮ እንጀራዬ ይኸው ነው። ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ ካምፔይን ስናቅድ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምንጽፈው ጥያቄ «ደንበኛችን ምን ይጎድለዋል?» የሚል ነው። ደንበኛው የጎደለውን ካወቀ ሥራችን ቀላል ነው፤ ዕቃውን እናሳየዋለን። ካላወቀ ግን መጀመሪያ እንዲጎድለው ማድረግ አለብን። ትናንት ደስ ብሎት የያዘው ስልክ ዛሬ እንዲያረጅበት፣ ሳሎኑ እንዲጠብበት፣ የልጁ ትምህርት ቤት ከጎረቤት ልጅ ትምህርት ቤት ያነሰ እንዲመስለው። ይህን የምለው ሙያዬን ለመኮነን አይደለም። ጥሩ ዕቃን ለሚያስፈልገው ሰው ማስተዋወቅ የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ሙሉ ቀን ለሰው «ገና ይቀርሃል» ስትሉ ውላችሁ ማታ ቤት ስትገቡ፣ ድምፁ ከራሳችሁ ጆሮ ቶሎ አይወጣም።

ከእኔም ጆሮ አልወጣም ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜዬ «ይህ ከተሳካልኝ ይበቃኛል» የምለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነበር፤ ችግሩ በየዓመቱ መቀያየሩ ነው። መጀመሪያ ዲግሪው ነበር። ቀጥሎ ቋሚ ሥራ፣ ከዚያ እድገት፣ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ የራሳችን ሶፋና ፍሪጅ የገባበት ቤት። ሁሉም በየተራ መጡ፤ ተመስገን። የእያንዳንዳቸው ደስታ ግን ከአንድ ወር አይዘልም ነበር። ፊሊፕ ብሪክማን እና ዶናልድ ካምቤል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን የሰው ጠባይ ትሬድሚል ላይ ከመሮጥ ጋር አመሳስለውታል። ጂም የምትሄዱ ታውቁታላችሁ፤ ላብ አለ፣ ድካም አለ፣ ከቆማችሁበት ግን ፈቀቅ አትሉም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አንድ ትልቅ ድርጅት የማርኬቲንግ ማናጀር እንድሆንለት ፈለገ። ደመወዙ ያኔ ከማገኘው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። መኪና ከነነዳጁ አለው። ሥራው ነውር የለበትም፣ ድርጅቱም ጥሩ ስም ያለው ነው። መልሴን የሚፈልጉት ለሰኞ ነበር።

ባለቤቴ ከእኔ በላይ ተደሰተ። ራት በልተን ልጃችንን ካስተኛን በኋላ የስልኩን ካልኩሌተር ከፍቶ ቁጭ አለ። አከራያችን ኪራይ እንደሚጨምሩ ነግረውናል። የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያም በየዓመቱ ወደ ላይ ነው። ዕቁብ አለ፣ የሁለታችንም ወላጆች አሉ። «በሦስት ዓመት የቤት ቅድመ ክፍያ እንይዛለን እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጭንቀት አይምሰላችሁ፤ በደስታ ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ቢሮዬን ሳስውብ፣ ለወንድሞቼ እንዴት እንደምነግራቸው ሳቀናብር ነጋ።

ዓርብ ዕለት ግን አንድ ወረቀት መጣ። የሥራውን ስፋት ለማየት ብዬ የዓመቱን የሥራ መርሐ ግብር ጠይቄያቸው ነበርና በኢሜይል ላኩልኝ። በእኛ ሙያ ትልቁ የሽያጭ ወቅት በዓል እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ወረቀቱ ላይ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ፋሲካ አለ። የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ በእያንዳንዱ በዓል ትይዩ የሽያጭ ግብ መጻፉ ነው። ባዛር፣ የክልል ጉዞ፣ የመንገድ ላይ ማስተዋወቅ፣ የቴሌቪዥን ልዩ ዝግጅት። በአብዛኛው ፊት ለፊት «ማናጀሯ በቦታው ትገኛለች» የሚል አለ።

ወረቀቱን ይዤ ስለ ራሴ ማሰብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ በነበርኩበት ሥራ እንኳ ያለፉትን ሁለት የፋሲካ ዋዜማዎች ያሳለፍኩት ባዛር ውስጥ ነበር። ድንኳኑ በር ላይ «በዓልን ከቤተሰብዎ ጋር» የሚለውን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እኔ ከጽሑፉ ሥር ቆሜ በራሪ ወረቀት ሳድል፣ ባለቤቴ ልጃችንን በነጠላ አዝሎ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ያስቀድስ ነበር። ያኔ «ለጊዜው ነው» ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን በደመወዝ ጭማሪ፣ በመኪና፣ በፊርማዬ ለዘለቄታው ላጸድቀው ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ እንደ ልማዴ በስልኬ የከፈትኩት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነበር። ብዙዎቻችሁ ሙዚቃቸውን ሳታውቁት አትቀሩም፤ ካፌ ውስጥ ወይም ፊልም ላይ ሰምታችሁት ይሆናል። እኔም ለዓመታት ማስታወቂያ ስጽፍ ከጀርባ የማሰማው ለስላሳ ድምፅ አድርጌው ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን መጥረጊያዬን አስቀምጬ ሴትዮዋን አሰብኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እኅት ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን ውስጥ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ቀጥሎ ለንደን ሄደው የመማር ዕድል አገኙ። ለአንዲት ሙዚቀኛ ወጣት ከዚያ በላይ ምን አለ? በእኛ ቋንቋ «ሕይወቷ ሊቀየር» ነው። ነገር ግን ፈቃድ ተከለከሉና ሳይሄዱ ቀሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የመንፈሳዊ ሰዎችን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ «ዓለምን ናቀች፣ መነነች» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናሳልፈዋለን። እማሆይ ራሳቸው የተናገሩት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ለንደን መቅረቱ አሳመማቸው። ምግብ እንቢ አሉ፣ ለቀናት በኀዘን ተኙ፣ ለሞት እስኪቀርቡ ደረሱ። ሰላም ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። ወሎ ግሸን ማርያም ገቡ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ መነኮሱ፣ አሥር ዓመት ገደማ በባዶ እግራቸው በጭቃ ጎጆ ኖሩ። «ይበቃኛል» ያሉት ምንም ስላልተመኙ አልነበረም። ተመኝተዋል፣ አልቅሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ልባቸውን ሌላ ቦታ ያሳረፉት።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሙዚቃው አልሞተም። በ1960ዎቹ ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ፣ ማደሪያ የሌላቸው፣ ምግባቸውን ለምነው የሚበሉ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን ሙዚቃ ለእነዚያ ልጆች መርጃ ለማድረግ ወሰኑ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ኖሩ። በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ዕትም 21ኛው ሲዲ ሙዚቃቸው ሲወጣ ዓለም ሁሉ «እኚህ ማን ናቸው?» አለ። ዝና ሊፈልጋቸው የመጣው ፒያኖ ካለባት ከአንዲት ጠባብ ክፍል ድረስ ነው። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉትም እዚያው ኢየሩሳሌም ነው።

እኔ መነኩሴ አይደለሁም፤ እናንተም አይደላችሁም። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ኪራይ ያለብን ሰዎች ነን። ግን ከእማሆይ ሕይወት አንድ ነገር ገባኝ። የተዉት ፒያኖውን ሳይሆን፣ ፒያኖው የሚያገለግለውን ጌታ ነው የቀየሩት። ጥያቄው «ልሥራ ወይስ ልተው?» አልነበረም። «ሥራዬ የማን አገልጋይ ነው?» የሚል ነበር።

እሑድ ስልኬን ቤት ትቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ በአእምሮዬ ሲመላለስ የነበረው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈው ያ ባለጠጋ ነው። እርሻው እጅግ ያፈራለት፣ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያቀደው ሰውዬ። እንደ ቢዝነስ ተማሪ ካያችሁት የማስፋፊያ ዕቅዱ እንከን የለውም፤ ምርት ከጨመረ መጋዘን ይሰፋል። ደጋግማችሁ ስታነቡት ግን በዕቅዱ ውስጥ ከራሱ በቀር ሌላ ሰው የለም። የሚያማክረው ራሱን፣ የሚያበላው ራሱን፣ የሚያመሰግነውም የለ። ያቺ ሌሊት የመጨረሻው እንደሆነች ሲነገረው ጎተራው ገና አልተሠራም።

ሌላው ትዝ ያለኝ ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ለፊልጵስዩስ ሰዎች ከእስር ሆኖ ሲጽፍ ባለው ረክቶ መኖርን እንደተማረው ይነግራቸዋል። የያዘችኝ «ተማርኩ» የምትለው ነገር ናት። አብሮት የተወለደ ጠባይ ሳይሆን ትምህርት ነበር ማለት ነው። ትምህርት ከሆነ ደግሞ እንደኔ ያለ ደካማ ተማሪም ሊመዘገብ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልቼ ለባለቤቴ ያሰብኩትን ነገርኩት። ወዲያው «እሺ» አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። «ኪራዩንስ እምነት ይከፍለዋል?» አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። እምነት የቤት ሒሳብ ከመሥራት አያድንም። ስለዚህ ወረቀት አወጣንና በሁለት ከፈልነው። በአንድ በኩል የግድ የሚያስፈልገንን፣ በሌላው በኩል የምንመኘውን ጻፍን። የምኞቱ ዝርዝር ከግድ ዝርዝሩ በሁለት እጥፍ ረዘመ። ደግሜ ሳየው ሳቄ መጣ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ዕቃ እኔ ራሴ ማስታወቂያውን የሠራሁለት ነበር! የሰው ጆሮ ላይ የነፋሁት ጡሩምባ ዞሮ ቤቴ ገብቷል።

የግድ የሚያስፈልገንን ስንደምረው ሁለታችንም የምናገኘው፣ ጠበብ ብሎም ቢሆን፣ ይደርሳል። ባለቤቴ ወረቀቱን ብዙ አየው። ከዚያ «እንግዲያው ቤት መቀየር አለብን፤ አንቺም በኋላ እንዳታማርሪኝ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ደውዬ አመስግኜ ሥራውን እንደማልቀበል ነገርኳቸው። ስልኩን ስዘጋው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ አሁን ተአምር የሚጠበቅ ይመስለኛል፤ «በሳምንቱ ከዚያ የተሻለ ሥራ መጣልኝ» የሚል። አልመጣም። ኪራዩ በተባለው ጊዜ ጨመረ። ከገርጂ ተነሥተን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ያን ሥራ የያዘችውን ሴት አውቃታለሁ፤ ጎበዝ ልጅ ናት። አንድ ቀን ዝናብ ሲመታኝ በመኪናዋ አለፈች። ልቤ ቆንጠጥ አላደረገኝም ብል ውሸት ነው። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «አላማርርም ብለሽ ነበር» አለና ሻይ አፈላልኝ።

ግን ያገኘሁትንም ልንገራችሁ። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ፣ ከበዓል በፊት ያሉትን ሳምንታት ምሽቱንም ጭምር እኔ እንድሠራ፣ ከስቅለት ጀምሮ ግን ሌላ ባልደረባ እንዲተካኝ ተስማማን። ለካ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የጠየቀ ሰው አልነበረም! ባለፈው ፋሲካ ሦስታችንም አብረን አስቀደስን። ልጃችን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ነጠላዬ ላይ ተኛች። ሊነጋጋ ሲል ቤት ገብተን ዶሮ ወጡን ስናቀርብ ነቃችና «ፋሲካ መጣ?» አለች። «መጣ» አልናት። ለዚህች ጥያቄ ቤት ሆኜ መልስ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለት ነገር ሳልል ብሰናበት ግን ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። አንደኛው፣ ባለው መርካት ስንፍና አይደለም። አሁንም እድገት ሲገባኝ እጠይቃለሁ፣ ሥልጠና ሲኖር እመዘገባለሁ፣ ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ። ለሌላ ቤተሰብ ደግሞ ያንኑ ሥራ መቀበል ትክክለኛው የእምነት ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ብሆን ኖሮ እኔም ምናልባት እቀበለው ነበር። ማንም በማንም ላይ አይፍረድ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። «ይበቃኛል» ለራስ የሚባል ቃል ነው። «ይበቃሃል»፣ «ይበቃሻል» ብለን ለሌላ ሰው ስንናገረው ግን ክፉ ቃል ይሆናል። ቤታችን የምትሠራው ልጅ ደመወዟ እንዲጨመርላት ስትጠይቅ «ተመስገን በይ፤ ያለሽ ይበቃሻል» ማለት እምነት አይደለም፤ ስስት ነው። እኛ በቃን ስንል የተረፈው ለሌላው መድረስ አለበት። የእማሆይ ሙዚቃ ለቆሎ ተማሪዎች እንደደረሰው ማለቴ ነው። እኛም ወረቀታችን ላይ ከኪራዩ ቀጥሎ የጻፍነው አሥራታችንንና የልጅቷን ጭማሪ ነው።

በቤታችን ያስለመድናቸውን ጥቃቅን ነገሮች ደግሞ ላካፍላችሁ፤ ከወደዳችሁት ሞክሩት። ማስታወቂያ አይተን የተመኘነውን ዕቃ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ ወረቀት እንጽፈዋለን፤ ከአንድ ወር በኋላም ካስፈለገን እንነጋገርበታለን። አብዛኛው ወሩ ሳይሞላ ይሰረዛል። ይህን የሚነግራችሁ የማስታወቂያ ሰው መሆኑን አትርሱ! እሑድ እስከ ምሳ ሰዓት ስልክ አንነካም። ማታ ደግሞ ከራት በፊት እያንዳንዳችን ስለ አንድ ነገር እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ጥቅል ተመስገን አይፈቀድም፣ ነገሩ በስሙ መጠራት አለበት። ልጃችን ሦስት ቀን በተከታታይ ስለ ብርቱካን አመስግናለች።

እስኪ ዛሬ ማታ ራት ላይ ትዳር አጋራችሁን ይህን ጠይቁ፦ «ገቢያችን እጥፍ ቢሆን ምን እንገዛለን?» ዝርዝሩ ሲያልቅ ደግሞ «ለዚያስ ምን እንከፍላለን?» በሉ። መልሱን ለእኔ ሳይሆን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት።

እኔ ትምህርቴን አልጨረስኩም። አንዳንድ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያን ስልክ አስታውሳለሁ። ያኔ «ይበቃኛል» እላለሁ፤ አንዳንዴ ከልቤ፣ አንዳንዴ ልቤ እንዲከተለኝ ብዬ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።